ማንን ነው የምትገድለው?

ልጆች ሳለን ስለ ጭራቅ ብዙ ተነግሮናል፤ መልኩን ግን አጥርቶ የነገረን ሰው አልነበረም። ቁመቱ ይህን ያህል ክንድ ነው፣ ጥርሱ ይህን ያህል ነው ብለው ቢነግሩን ኖሮ በማግስቱ ድንጋይ ሰብስበን እንጠብቀው ነበር። ተረት ነጋሪዎቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ስለነበር "ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ" ይሉና ቡናቸውን ፉት ይላሉ። እኛ ደግሞ ሽንታችንን ቋጥረን እስኪነጋ እንጠብቃለን።

የሚያስፈራ የኮምፒውተር ጌም ከሚሠሩት ብዙዎቹ ይህ ጥበብ አልደረሳቸውም። ጭራቁን ገና በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ አደባባይ ያወጡታል፤ ያውም አንዱን ሳይሆን በደርዘን። ቀጥለው ተጫዋቹን ጠመንጃ ያስታጥቁታል። ጠመንጃ የታጠቀ ሰው ምን ይፈራል? የሚያሳስበው የቀረው ጥይት ብዛት ብቻ ነው። ፍርሃቱ ያበቃና ሒሳብ ይጀመራል፤ ሒሳብ ደግሞ እኔን በሌላ መንገድ የሚያስፈራኝ ነገር ነው።

እኔ የምወዳቸው ጌሞች ሌሎች ናቸው። ጥይት የለም፣ ጎራዴ የለም፣ ቡጢ እንኳ የለም። አንድ ቦታ ትገባላችሁ፦ ባዶ ቤት፣ ባዶ መርከብ፣ ሰው የጠፋበት ሸለቆ። ትዞራላችሁ። መሳቢያ ትከፍታላችሁ፣ ደብዳቤ ታነባላችሁ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ታያላችሁ፣ ኮቴ የሰማችሁ ሲመስላችሁ ቆም ትላላችሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ እዚህ ምን ተፈጠረ? የሚያጠቃችሁ ማንም የለም። ይህን እያወቃችሁም የሚቀጥለውን በር ለመክፈት እጃችሁ ያመነታል።

ለቤተሰብ ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። አንድ ማታ እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ ላፕቶፑን ትኩር ብላ አየችና ጠየቀችኝ።

"ማንን ነው የምትገድለው?"

"ማንንም አልገድልም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ማን ሊገድልህ ነው?"

"ማንም።"

"እና ምን እየሠራህ ነው?"

"ቤቱን እየዞርኩ ደብዳቤ አነባለሁ።"

"የማንን ቤት?"

"የማላውቃቸውን ሰዎች።"

"እነሱስ የት ሄደው ነው?"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

"ለቅሶ ሄደው ይሆናላ! ጎረቤት አትጠይቅም?"

"ጎረቤት የለም።"

"ጎረቤት የሌለው ቤት ምን ልትሠራ ገባህ? ውጣ!" አለችኝ። ይህን ብላ ግን አልሄደችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "ቆይ፣ ከመውጣትህ በፊት ያቺን ወረቀት አንብባት።"

ጌሙ ጎን ሆም ይባላል። የወጣው በ2013 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታሪኩ በሰኔ 1995 ነው። ኬቲ የምትባል ወጣት አውሮፓ ዞራ፣ ኦሪገን ወደሚገኘው የወላጆቿ ቤት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ትመለሳለች። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ ነጎድጓድ ያጓራል። ቤት ውስጥ ግን አባት የለም፣ እናት የለም፣ እህትም የለችም። በሩ ላይ ታናሽ እህቷ የተወችው ማስታወሻ ተለጥፏል፤ የት እንዳለሁ ለማወቅ አትበርብሪ ይላል። እንዲህ ተብሎ የተጻፈለት ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው።

ቤቱ ትልቅ ነው። ቤተሰቡ ከአንድ ዘመድ ወርሶት የገባበት ስለሆነ ለኬቲም እንግዳ ነው። ከፊሉ ዕቃ ገና ካርቶን ውስጥ ነው፣ መተላለፊያው ጨለማ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ለባዶ ሳሎን ስለ ማዕበል ያስጠነቅቃል። የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ቀይ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ግን ገንዳው አይደለም። አባትየው ደራሲ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ያልተሸጡ መጻሕፍቱ በካርቶን ተከምረው አየሁ። በዚያ ሌሊት ከወንበሬ ያዘለለኝ እሱ ነው። ሌላው አንባቢ መንፈስ ይፍራ፤ እኛ ጸሐፊዎች የምንፈራውን እናውቃለን።

እናቴን ያሳሰባት ሌላ ነው። በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱን አምፖል ማብራትም ማጥፋትም ይቻላል። ተጫዋች ሁሉ የገባበትን ክፍል እያበራ፣ ለድፍረት እንዲሆነው ብርሃኑን ከኋላው እየተወ ይሄዳል። በካርድ ቆጣሪ የሚኖር ሰው ግን ይህን ማየት አይችልም። "አጥፋው እንጂ! ማን ሊከፍለው ነው?" ትለኛለች። ተመልሼ አጠፋለሁ። ስለዚህ ያንን ቤት ያለ ብርሃን፣ በዳበሳ ከጨረሱት ጥቂት የዓለም ተጫዋቾች አንዱ ሳልሆን አልቀርም። ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል፣ ቆጣሪውም ያርፋል።

የሚገርመው እነዚህን ጌሞች የሠሩት ሰዎች ከየት እንደመጡ ነው። ጎን ሆምን ከጀመሩት ውስጥ ዋናዎቹ ከዚያ በፊት የሠሩት ባዮሾክ 2ን ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተኩስ የሆነ ጌም። ያንን ትተው ፖርትላንድ ውስጥ አንድ ቤት ተከራዩ፤ እዚያው እየኖሩ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተራቸውን ደርድረው ይህን ሠሩ። ባዶ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስፈራ የተማሩት ከኪራይ ቤታቸው ይሁን አይሁን አልተናገሩም።

ከእነሱ በፊት ዲር ኤስተር ነበረ። በእንግሊዝ የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዳን ፒንችቤክ ሃፍ ላይፍ 2 የተባለውን ዝነኛ የተኩስ ጌም ወሰደና ለምርምር ብሎ ነቃቀለው። መሣሪያውን አወጣ፣ ጠላቱን አወጣ፣ እንቆቅልሹን ሳይቀር አወጣ። የቀረው አንድ የስኮትላንድ ደሴት፣ ነፋስ እና ለሟች ሚስቱ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። በ2008 በነፃ ተለቀቀ፣ በ2012 ደግሞ አምሮ ለገበያ ቀረበ። ባለገንዘቦቹ ያወጡት ገንዘብ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰላቸው። ይህን ለምታውቋቸው ነጋዴዎች ንገሯቸው፤ ከሸቀጡ ላይ ዋናውን ነገር አውጥቶ ሸጦ ያተረፈ እሱ ብቻ ነው።

የእህቴን ልጅ ይህን ጌም ሳስነካው የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌም ቤት ተሰልፎ ፊፋ የሚጫወት፣ ጆይስቲክ ይዞ የተወለደ የሚመስል ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ መተኮሻው የትኛው ነው?"

"መተኮሻ የለውም።"

"መዝለያውስ?"

"የለውም።"

"እሺ መሮጫው?"

"እሱም የለም። ዝም ብለህ ሂድ።"

ሄደ። ገደሉን ወጣ፣ የባሕሩን ዳር ተከተለ። ድንገት ከሩቅ ኮረብታ ላይ የሰው ጥላ ቆሞ አየ፤ ሲቀርበው ጠፋ። ልጁ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ዞሮ አየኝ። "ጋሼ፣ አሁን ያ ሰውዬ ይመጣል?" አለ። አይመጣም አልኩት። "ቢመጣ ይሻል ነበር" አለና ተነሣ። በጌም ሐያሲነት ከዚህ የተሻለ ነገር የተናገረ ሰው አላነበብኩም። እንዲህ ዓይነቶቹን ጌሞች የመራመጃ ጌሞች እያሉ ያፌዙባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ዲር ኤስተር ለእኔም ትንሽ ይንዛዛብኛል። ነፋስና ግጥም ለሚወድ ሰው ነው።

ፖላንዳዊው አድሪያን ክሚየላርዝ ደግሞ ፔይንኪለርንና ቡሌትስቶርምን የሠራ ሰው ነው፤ ከስማቸው እንደምትገምቱት ሁለቱም የጸሎት መጽሐፍ አይደሉም። እሱም ባሩድ ሳይሰለቸው አልቀረም መሰል፣ ከጓደኞቹ ጋር በ2014 የኤታን ካርተር መጥፋት የሚባለውን ጌም አወጣ። ኤታን የሚባል ልጅ ደብዳቤ ጽፎለት፣ ፖል ፕሮስፔሮ የተባለ መርማሪ ሰው ወደሌለበት ሸለቆ ይመጣል። ገና ሲጀምር ጌሙ እጃችሁን ይዤ አልመራችሁም ብሎ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ቃሉንም ያከብራል። ሸለቆው ያምራል። ድንጋዩንና ግንቡን በብዙ ፎቶግራፍ አንስተው፣ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ገጣጥመው ስለሠሩት እውነተኛ ይመስላል። ፀሐይ ነው፣ ቅጠሉ ቢጫ ነው፣ ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ የባቡር ሐዲዱ ላይ ደም አለ። በጠራራ ፀሐይ ማስፈራራት ከባድ ነው፤ እነዚህ ችለውበታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ደንብ አፍርሰዋል። የሚንጎራደድ ነገር አለ፤ ቢይዛችሁ አስደንግጦ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። እዚያ ስትደርሱ ትኩስ ሻይ በእጃችሁ አይኑር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያለማመንታት የኦብራ ዲን መመለስን እመርጣለሁ። የሠራው ሉካስ ፖፕ ነው። እሱም ቀደም ሲል አንቻርትድ በሚባለው የተኩስና የዝላይ ጌም ላይ ይሠራ ነበር። ኦብራ ዲንን ከአራት ዓመት በላይ ለፍቶበት በ2018 አወጣው።

ኦብራ ዲን የመርከብ ስም ነው። በ1802 ከለንደን ተነሥታ ወደ ምሥራቅ ጉዞ ጀመረች፤ መንገድ ላይ ጠፋች። በ1807 ፋልመዝ በተባለው የእንግሊዝ ወደብ አጠገብ ሰው አልባ ሆና ብቅ አለች። እናንተ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተላካችሁ የኢንሹራንስ መርማሪ ናችሁ። በእጃችሁ ሁለት ነገር አለ፤ አንድ መጽሐፍና አንድ የኪስ ሰዓት። መጽሐፉ ውስጥ የስልሳ ሰዎች ስም ዝርዝርና በሠዓሊ የተሣሉ መልኮቻቸው አሉ። ማን የትኛው እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ምን እንዳገኘው፣ ከሞተ ማን ወይም ምን እንደገደለው መሙላት የእናንተ ሥራ ነው። ባጭሩ የእድር ጸሐፊ ሆናችሁ ተቀጥራችኋል፤ ልዩነቱ አብዛኞቹ አባላት ባንድ ጉዞ ማለቃቸው ነው።

ሰዓቱን ሬሳ አጠገብ ስትከፍቱት በመጀመሪያ ስክሪኑ ይጨልማል። ከሞቱ በፊት የነበሩት ጥቂት ሰከንዶች በድምፅ ብቻ ይሰማሉ፤ ክርክር፣ ሩጫ፣ የእንጨት መሰበር፣ ጩኸት። ከዚያ ሰውየው የሞተበት ቅጽበት እንደ ፎቶ ደርቆ ይገለጥላችኋል፤ እየዞራችሁ ታዩታላችሁ። ሁሉም ነገር በሁለት ቀለም፣ በነጠብጣብ የተሣለ ነው። የድሮ ጋዜጣ ላይ የታተመ አደጋ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። የሚንቀሳቀስ የለም፣ የሚነካችሁ የለም፤ ግን ከጨለማው የሚመጣውን ድምፅ ለመስማት ሰዓቱን በከፈታችሁ ቁጥር ትከሻችሁ ሽቅብ ይወጣል።

ስም የሚነግራችሁ ግን የለም። አንዱን በአነጋገሩ፣ አንዱን በልብሱ፣ አንዱን በሚተኛበት ተንጠልጣይ አልጋ ቁጥር መለየት አለባችሁ። የሦስት ሰው ዕጣ በትክክል ሲሞላ ብቻ ጌሙ ያረጋግጥላችኋል፤ በግምት እንዳትኖሩ ነው። እዚህ ላይ ነው እናቴ ችሎታዋን ያሳየችው። እንግሊዝኛ አታነብም። "ይሄ ከእነዚያ ጋር ነው ገበታ የሚቀርበው፣ አለቃ አይደለም" ትላለች። "ይሄኛው ሁልጊዜ ከዚያኛው ጀርባ ነው የሚቆመው፤ አሽከሩ ነው።" "ይቺ ሴትዮ ደግሞ ተመልከታት፣ ማንን ነው የምታየው?" እኔ መዝገበ ቃላት ስገልጥ እሷ ግማሹን መርከብ ለየችው። በሠርግና በለቅሶ ቤት ማን የማን እንደሆነ ባንድ እይታ ለማወቅ ዕድሜ ልክ የሠለጠነች ሴት ፊት ለንደን የተማረ መርማሪ ምንም አይደለም። ካፒቴኑን ግን አልወደደችውም፤ ምክንያቱን አልነገረችኝም።

ወት ሪሜይንስ ኦቭ ኢዲዝ ፊንች ሌላ ስሜት ነው። የፊንች ቤተሰብ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ርግማን ሸሽቶ ነው፤ ቤቱን ሳይቀር በባሕር ጎትቶ ሊያመጣው ሞክሮ ዳርቻው ላይ ሰጠመበት። ርግማን የሚሸሽ ሰው የተረገመውን ቤት ይዞ ሲሄድ ያየሁት እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ሁሉ መኝታ ቤት እንደነበረ ተዘግቶ ይቀመጣል። እናትየዋ በሮቹን አሸገች፤ አሮጊቷ ደግሞ ማየት አለብኝ ብላ በየበሩ ቀዳዳ በሳች። አያትና የልጅ ልጅ ናቸው፤ ጠባቸው ግን የአማትና የምራት ይመስላል። የመጨረሻዋ ልጅ ኢዲዝ ተመልሳ በምስጢር መተላለፊያ እየሾለከች የእያንዳንዱን አሟሟት ታያለች፤ እኛም አብረናት። ሁለት ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ሆኖም በ2018 የባፍታን የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማት ወስዷል። የሕፃን ሞት አለበት። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው ለጊዜው ይለፈው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ፋየርዋች ብዙም አያስፈራም፤ በ1989 ዋዮሚንግ ጫካ ውስጥ ማማ ላይ ተቀምጦ እሳት የሚጠብቅ ሰው በመገናኛ ሬዲዮ ብቻ ከአለቃው ጋር ያወራል፤ ኋላ ወሬያቸውን ሌላ ሰው እንደሚሰማ ይጠረጥራሉ። በመጨረሻው የተቀየሙ ብዙ ናቸው። እኔ አልተቀየምኩም። ኦክስንፍሪ ደግሞ ደሴት ላይ ያመሹ ወጣቶች ናቸው፤ ሬዲዮ ሲያስተካክሉ ያልተፈለገ ጣቢያ ይገባባቸዋል። በልጅነቱ በአጭር ሞገድ የሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ አንቴና እየያዘ የቆመ ሰው ያን ጫጫታ ሲሰማ ፀጉሩ ይቆማል። ላፕቶፕ የሌላችሁም አልተረሳችሁም፤ ዘ ሩም የሚባለው በስልክ ይሠራል። በ2012 የወጣ ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ የተቆላለፈ ሣጥን ብቻ አለ። ሣጥኑን ስትከፍቱት ሌላ ሣጥን፣ ከዚያም ሌላ። ታክሲ ተራ ላይ ለመጫወት የሚመች ይህ ነው፤ ከፊታችሁ ያለው ሰልፍም እንደዚያው ነው የሚከፈተው።

ጭራቅ ካልታየ አይሆንልኝም፣ ግን ደግሞ እንዳይነካኝ የምትሉ ካላችሁ ስዊድኖች አስበውላችኋል። ሶማ የሚባለው ጌም በ2015 ሲወጣ በባሕር ወለል ጣቢያ ውስጥ የሚያሳድዱ ፍጥረቶች ነበሩት። ታሪኩ ስለ ሰው ማንነት ከባድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል፤ ተጫዋቹ ግን በሩጫ ላይ ሆኖ ምን ሊያስብ ነው? አንዱ ተጫዋች በራሱ ጊዜ ፍጥረቶቹን የሚያለዝብ ማሻሻያ ሠርቶ ለፈሪዎች ብሎ አደለ። ሠሪዎቹም በ2017 መጨረሻ አካባቢ ራሳቸው ሞት የሌለበት መንገድ ጨመሩ፦ ፍጥረቶቹ አሉ፣ ይንጎራደዳሉ፣ አይገድሏችሁም። ያንን ምረጡት። ማንም አያያችሁም።

ስለ አጨዋወቱ ትንሽ። ማታ ይሁን፤ ጆሮ ማዳመጫ ይኑር፤ ከጠቀስኳቸው ጌሞች ፍርሃት ግማሹ ያለው በድምፁ ውስጥ ነው። አንዴ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አብረው አይጠፉም። መብራት ቢጠፋ አትነሡ፤ ላፕቶፑ ባትሪው እስኪያልቅ ይቀጥላል፣ ያን ጊዜ የሚሰማችሁን በገንዘብ አትገዙትም። መግዣው ካስቸገራችሁ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለበዓል ምን ልላክላችሁ ሲል ጫማ አትበሉት። እኔ አንዱን የአክስቴን ልጅ ጌም ጠይቄው "በዚህ ዕድሜህ?" ብሎኛል፤ ግን ልኳል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ከዘረዘርኳቸው ውስጥ በአማርኛ የሚጫወቱት አንድም የለም፤ ደብዳቤው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በእጅ ጽሑፍ። እኛ አገር ግን ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ቤት አስቡ፤ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ። ቤተሰቡ የለም። ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰ ሬዲዮ፣ ግድግዳ ላይ ከፊሉ በመቀስ የተቆረጠ የሠርግ ፎቶ፣ ጓዳ ውስጥ ቁልፉ የጠፋ የእማማ ሣጥን፣ ስሙ ብቻ ተጽፎ ቁጥሩ የተሰረዘ የስልክ ደብተር። ምድጃው ላይ ያለው ጀበና እስካሁን ይሞቃል። ይህን ለመሥራት ትልቅ ኩባንያ አያስፈልግም፤ ጎን ሆምን የሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፣ የኦብራ ዲን ሥራ ከሞላ ጎደል የአንድ ሰው ነው። እናንተ ቀኑን ሙሉ ኮድ ስትጽፉ የምትውሉ ልጆች፣ ለዚህ የሚነሣ ሰው ከመካከላችሁ ከተገኘ መሳቢያ ውስጥ የሚገቡትን ደብዳቤዎች እኔ በነፃ እጽፋለሁ። የእማማን ድምፅ የምትሰጠው እናቴ ናት፤ አነጋግሬያታለሁ። ክፍያውን ብቻ ነው ያልተስማማነው።